ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የጃፓን ጉዟቸው

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ግን ስለ አንዲት የእስያ አገር በአማርኛ የተጻፈ ሙሉ መጽሐፍ ለአንባቢ ቀርቦ ነበር። ጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማያውቁት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የተማሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ በተለይም በእንጦጦ ራጉኤል ነው። በ1904 ዓ.ም. በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። ያዩትን ሁሉ የመመዝገብ ልማዳቸው በኋለኞቹ የጉዞ ድርሳኖቻቸውም አልተለያቸውም።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጃፓን ተጓዙ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ከታወጀ ገና ጥቂት ወራት አልፈውት ነበር። ከጉዞው መልስ ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1926 ዓ.ም. በጃፓንኛ ተተርጉሟል።

የመጽሐፉ ጉልበት በንጽጽሩ ላይ ነው። ኅሩይ የሁለቱን አገሮች ጥንታዊ ሥርወ መንግሥት ጎን ለጎን አኑረው፣ የቶኩጋዋን ዘመን ከዘመነ መሳፍንት ጋር አመሳስለዋል። ይህ ለየጁ ታሪክ አጥኚ እንግዳ አይደለም። የጃፓን ንጉሥ በኪዮቶ በስም ብቻ ተቀምጦ ሥልጣኑ በኤዶ እንደ ነበረ፣ በጎንደርም ንጉሡ ዙፋኑን ይዞ አገር የሚያዝዙት በደብረ ታቦር የተቀመጡት የየጁ መሳፍንት ነበሩ። ንጽጽሩ ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ጃፓን ከዚያ ዓይነት ዘመን ወጥታ ከሠለጠነች ኢትዮጵያም ትችላለችና።

ይሁን እንጂ ኅሩይ በጃፓን በእንግድነት ሲዘዋወሩ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን እየያዘ ነበር። ሥልጣኔውና ወረራው ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን መመርመር የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም፤ ዛሬ ሲነበብ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ይመስላል። ጸሐፊው የዚህን ዋጋ ራሳቸው አዩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በማግስቱ ዓመት ጃፓን የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለውጣ የኢጣሊያን ገዢነት ተቀበለች። በዚያው 1929 ዓ.ም. በካምብሪጅ የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በፋሺስቶች ተገደለ።

ኅሩይ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስደት ዐረፉ። አጽማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።