አለን ኮርማክ፦ አካል ሳይከፈት ውስጡን ለማየት መንገድ የቀየሱት የጆሃንስበርግ ተወላጅ

ዛሬ የልብ ቀዶ ሐኪም የሕመምተኛውን ደረት ከመክፈቱ በፊት ብዙ ነገር በሲቲ ስካን ምስል ማወቅ ይችላል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ በካልሲየም መጠጠሩን፣ የሚተካውን ቫልቭ ልክ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና በሚሻ ሰው ላይም ልቡ ለደረት አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረበ ምስሉ ያሳያል። ለዚህ ምስል የሒሳብ መሠረት የጣሉት የፊዚክስ ሊቁ አለን ኮርማክ ናቸው።

ኮርማክ ዛሬ አይቮሪ ፓርክን የመሳሰሉ ሰፋፊ የመኖሪያ ሠፈሮችን ባቀፈችው ጆሃንስበርግ እ.ጎ.አ. በ1924 ተወለዱ። አባታቸው በ1936 ሲሞቱ ቤተሰቡ ወደ ኬፕ ታውን ተዛወረ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲና በኋላም በእንግሊዝ ኬምብሪጅ ተምረው፣ በ1950 በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

በ1956 የግሩት ስኩር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ሥራውን ለቀቀ። ሕጉ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ያለ ባለሙያ ቁጥጥር እንዳይሠራባቸው ስለሚያዝ፣ ኮርማክ ለስድስት ወራት በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ቦታውን ሸፈኑ። በዚያም ለካንሰር ሕመምተኞች የሚሰጠው የጨረር መጠን ሲሰላ፣ አጥንት፣ ጡንቻና ሳንባ አንድ ዓይነት ይመስል እንደነበር አስተዋሉ። ጨረርን በልዩ ልዩ አቅጣጫ አሳልፎ የወጣውን በመለካት የውስጡን ልዩነት በስሌት ማግኘት እንደሚቻልም አሰቡ።

በ1957 ሐሳባቸውን ከአሉሚኒየምና ከእንጨት በተሠራ ክብ ነገር ላይ ፈተኑ። ስሌቱ መሐሉ ላይ ያልጠበቁትን ልዩነት አሳያቸው። ቢጠይቁ፣ የሠራው ሰው እሳቸው ሳያውቁ መሐሉ ላይ ጥቂት የተለየ አሉሚኒየም ሰክቶ ኖሯል። ዘዴው የተሰወረውን ገልጧል።

በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ጥናታቸውን በ1963 እና በ1964 ቢያሳትሙም ትኩረት የሰጠው ሰው እምብዛም አልነበረም። የኮርማክን ሥራ የማያውቁት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠሩት መሣሪያ በ1971 የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ጭንቅላት አነሳ። ያለ ዕረፍት የሚመታውን ልብ አጥርቶ ለማንሳት ግን ፈጣን መሣሪያዎች እስኪሠሩ መጠበቅ ግድ ሆነ። ኮርማክ በሠሩበት በግሩት ስኩር ሆስፒታል በ1967 የዓለም የመጀመሪያው ከሰው ወደ ሰው የልብ ንቅለ ተከላ ሲደረግ፣ ሐኪሞቹ ይህ ምስል አልነበራቸውም።

በ1979 ሁለቱ ሰዎች የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ሁለቱም ሐኪም አልነበሩም፤ ኮርማክ የዶክትሬት ዲግሪም አልነበራቸው። በ1998 በ74 ዓመታቸው በማሳቹሴትስ አረፉ። ደቡብ አፍሪቃም በ2002 የማፑንጉብዌ ኒሻን ሰጥታ አክብራቸዋለች።