ዳዳባይ ናኦሮጂ

ዳዳባይ ናኦሮጂ በ1825 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሕንድ ከፓርሲ ካህናት ቤተሰብ ተወለደ። ፓርሲዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከፋርስ ወደ ሕንድ የተሰደዱ የዞሮአስተር ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ልጆቻቸው ወደ ሃይማኖቱ በሥርዓት ሲገቡ ሱድሬ የተባለ ነጭ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ በ72 ክር የተሠራውን ኩስቲ የተባለ የሱፍ መታጠቂያም በወገባቸው ላይ ሦስት ጊዜ አዙረው ይታጠቃሉ። እሳትን እንደ ቅዱስ ምልክት ያከብራሉ። በጎ ሐሳብ፣ በጎ ቃልና በጎ ሥራ የእምነታቸው መሠረት ነው።

ዳዳባይ የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ ያሳደገችውና ያስተማረችው እናቱ ናት። በ1851 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሃይማኖቱ ኋላ ከተጨመሩበት ልማዶች ጠርቶ ወደ ጥንቱ ንጽሕና እንዲመለስ የሚጥር ማኅበር አቋቋመ። በ1855 ለንግድ ወደ ለንደን ሄደ፤ ዳሩ ግን የድርጅቱን አሠራር ኅሊናው ስላልተቀበለው ከሦስት ዓመት በኋላ ተወው።

በ1888 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሳልስበሪ እንግሊዛውያን ጥቁር ሰው ይመርጣሉ ብሎ እንደማያምን በአደባባይ ተናገረ። ዳዳባይ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1892 በለንደን ከተማ በፊንስበሪ ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አሸነፈና የምክር ቤት አባል ሆነ። ቃለ መሐላውንም የፈጸመው በመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን በሃይማኖቱ የጸሎት መጽሐፍ ነበር። በምክር ቤቱም የሕንድ ሀብት ወደ እንግሊዝ እየፈሰሰ ሕዝቡ መደኽየቱን ያለ ፍርሃት አስረዳ።

ዳዳባይ በ1917 በ91 ዓመቱ አረፈ። በባዕድ አገር ሥልጣን ላይ ሲወጣ እምነቱን አልደበቀም፤ ወገኖቹንም አልረሳም።