እቴጌ ምንትዋብ፡- በጋብቻ የታነፀ ዙፋን

በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን፣ የቁስቋም በዓል ሲከበር፣ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለው ደብረ ፀሐይ ብዙ ሕዝብ ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ጣሪያው የለም። በግድግዳው ላይ ግን በቀይ ድንጋይ ተቀርጸው የተለጠፉ መስቀሎችና የእንስሳት ምስሎች ዛሬም ይታያሉ። በዚሁ ደብር መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ የሦስት ሰዎች አፅም በአንድነት ተቀምጧል፤ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ። ሦስቱም ዘውድ የደፉ ናቸው። ደብሩንም፣ ቤተ መንግሥቱንም ያሠሩት እናትየው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ምንትዋብ በ1690ዎቹ ማብቂያ (ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ገደማ እንደተወለዱ ይገመታል። ሀገራቸው ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ያለው ቋራ ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ የዘር ሐረጋቸውን ከአፄ ሚናስ ይቆጥሩ ነበር። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉም በልጦ የጸናው ምንትዋብ የሚለው መጠሪያ ሆነ፤ ምንኛ ውብ ናት እንደ ማለት ነው። ይህ ስም ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። የመልካቸው ዝና ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ ለአርባ ዓመት ያህል አንድን መንግሥት በእጃቸው ይዘው የቆዩበት ብልሃት ግን ብዙም ሳይወራለት ቀርቷል።

አፄ በካፋን እንዴት እንዳገኟቸው የሚተረከው ታሪክ እንደ ተረት የሚጣፍጥ ነው። በ1713 ዓ.ም. የነገሡት በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ማንነታቸውን ደብቀው በየአገሩ የመዞር ልማድ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ቋራ ላይ ወባ መሰል ትኩሳት ይጥላቸውና ከአንድ ጌታ ቤት ያርፋሉ። የቤቱ ልጅ ማንነታቸውን ሳታውቅ አስታማ ታድናቸዋለች። ንጉሡም ጎንደር እንደገቡ ልከው ያስመጧታል፤ ያገቧታልም። ነገሩ በዚህ መልክ ይፈጸም አይፈጸም፣ ከጋብቻው ኢያሱ የተባለ ወንድ ልጅ መወለዱ እርግጥ ነው።

በካፋ በመስከረም 1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። በዚያ ዘመን የነጋሢ ዘር የሆኑ ወንዶች ወህኒ አምባ ላይ ታስረው የሚኖሩበት ሥርዓት ነበር፤ ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሕፃን ወራሽ ባለበት ጊዜ ከአምባው አንድ ጎልማሳ አውርዶ ማንገሥ ለመኳንንቱ ቀላል ነበር። ስለዚህ የንጉሡ ሞት ሳይነገር ቆየ። በካፋ ቀደም ሲል ሞቱ የሚል ወሬ አስነዝተው ደስ ያለውን ሰው በድንገት ብቅ ብለው ቀጥተውታል እየተባለ ይተረካልና፣ የአሁኑን ወሬ ቢሰማም ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። በዚህ መካከል ምንትዋብ ወንድማቸውን ወልደ ልዑልንና ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ቤተ መንግሥቱን አስጠበቁ። ልጃቸው ኢያሱ ዳግማዊ ተብሎ ነገሠ። እርሳቸውም በሞግዚትነት ብቻ አልቀሩም፤ ሳይውል ሳያድር ዘውድ ደፍተው የሥልጣኑ ተካፋይ ሆኑ። የዘመኑ ታሪከ ነገሥትም የእናትና የልጅን ንግሥና አንድ ላይ አድርጎ የሚተርክ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1725 ዓ.ም. የቋራ ሰዎች መብዛት ያስከፋቸው መኳንንት ሕዝቅያስ የተባለ የነጋሢ ዘር አንግሠው ጎንደርን ያዙ። እቴጌይቱና ልጃቸው በግቢው ቅጥር ውስጥ ተከበቡ። ውጊያው ከተማው መሐል ነበርና ብዙ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ከክፍለ ሀገር የመጣ ታማኝ ጦር ደርሶ ከበባው ተሰበረ።

ከዚህ በኋላ የተከተሉትን መንገድ ስናይ እቴጌይቱ ከዚያ ከበባ የተማሩት ነገር ግልጽ ይሆናል። አንዲት መበለትና አንድ ሕፃን በዘውድ ብቻ አይጠበቁም፤ የሚያድናቸው በየአውራጃው ያለ ዘመድ ነው። ዋና ዋናው ሹመት ለቋራ ወገኖቻቸው ተሰጠ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ተብለው የመንግሥቱ ዋልታ ሆኑ። ዘመድ ባልነበረበት ቦታ ደግሞ ዘመድ የሚፈጠረው በጋብቻ ነበር።

የራሳቸው ሁለተኛ ፍቅር ግን ለፖለቲካው አልጠቀመም። በካፋ ከሞቱ በኋላ የንጉሡ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ተወዳጁ። ሰውየው በዕድሜ ከእርሳቸው ያነሰ ስለነበር አሽሟጣጩ የጎንደር ሕዝብ ምልምል ኢያሱ የሚል ቅጽል አወጣለት። ከእርሱም አስቴር፣ አልጣሽና ወለተ እስራኤል የተባሉ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ወጣቱ ንጉሥ ግን የእናቱን ወዳጅ አልወደደውም። በ1730ዎቹ አጋማሽ ግራዝማች ኢያሱ ጣና አካባቢ ከገደል ተወርውሮ ሞተ፤ ያስገደሉትም ንጉሡ ራሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላም አብረው መግዛታቸውን ቀጠሉ። በመካከላቸው የተፈጠረው ቁስል ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ግን መገመት ይቻላል።

ያለ አባት የቀሩት ሦስቱ ልጃገረዶች ሲያድጉ የእናታቸው ፖለቲካ አምዶች ሆኑ። ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳረች፤ ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ራስ ኃይሉ በኋላ ጎጃምን ገዝተዋል። አልጣሽ የትግራዩን ጌታ የሚካኤል ስሑልን ልጅ ወልደ ሐዋርያትን አገባች። አስቴር ደግሞ የበጌምድሩን ገዥ ማርያም ባርያውን አገባች። እንግዲህ ጎጃም፣ ትግራይና በጌምድር በሦስት እኅትማማቾች አማካይነት ከአንዲት እናት ጋር ተሳሰሩ ማለት ነው።

ይህ ሰላም የፈጠረው ፋታ ሥራ ላይ ውሏል። በፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራው ግንብ የእርሳቸው ነው። በደብረ ፀሐይ ላይ ቅዱሳኑ ቤተሰብ በስደት ካረፈበት ከግብፁ ቁስቋም ስሙን የወረሰውን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሳነፁ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የምትገኘው ናርጋ ሥላሴም የእርሳቸው ሥራ ናት። በናርጋ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት፣ ፊትን በጥላና በብርሃን የሚያወጣውና ባለ አበባ ሐር ልብስን አጥርቶ የሚሥለው ስልት የበሰለው በእርሳቸው ድጋፍ ነው። የጎንደር ሊቃውንትም ያለ ደጋፊ አልኖሩም።

ንጉሡ በበኩላቸው አደንና ግንባታ ይወዱ ነበር። በዘመቻ ስም ለማውጣት ፈልገው በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ቢዘምቱም ጦራቸው ድንድር ወንዝ አካባቢ ክፉኛ ተመታ። ነገሥታቱ ይዘውት የሚዘምቱት ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ሳይቀር በጠላት እጅ ወደቀ፤ በኋላ በወርቅ ተቤዥቶ ተመለሰ።

ለልጃቸው ሚስት ሲመርጡም እቴጌ ምንትዋብ ያንኑ የዝምድና መንገድ ተከተሉ። በዚያን ጊዜ የወሎ ኦሮሞ ፈረሰኞች በሀገሪቱ ላይ ኃይላቸው እየጎላ መጥቶ ነበር። ስለዚህ የወሎ ባላባት ልጅ የሆነችውን ውቢትን ለኢያሱ አጋቡ። ውቢት ተጠምቃ ቤርሳቤህ ተባለች፤ ኢዮአስ የሚባል ልጅም ወለደች። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ጋብቻ ከሁሉም የላቀ ነበር። የኋላው ችግር የተፀነሰውም በዚሁ ጋብቻ ነው።

አፄ ኢያሱ በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሞቱ። ኢዮአስ ገና ሕፃን ሳሉ ነገሡ። ታሪክ ራሱን ደገመ፤ የሞተ ንጉሥ፣ ሕፃን ወራሽና መበለት እናት። ልዩነቱ አሁን መበለቲቱ ሌላ ሴት መሆኗ ነው። ምንትዋብ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የልጃቸው እናት በመሆናቸው የያዙትን ሥልጣን፣ ውቢት ለራሷ ልጅ ልትይዝ ፈለገች። ምንትዋብ ግን አልለቀቁም፤ ለልጅ ልጃቸውም ሞግዚት ሆነው ቀጠሉ። የውቢት ወንድሞች ሉቦና ብራሌ ፈረሰኞቻቸውን አስከትለው ጎንደር ገቡ። ኢዮአስም ሲያድጉ ወደ እናታቸው ወገኖች አዘነበሉ፤ ቤተ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ወገን ቋሮች፣ በሌላ ወገን ወሎዎች ተፋጠጡ። በመካከል ያሉትን ሲያለዝቡ የኖሩት ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ገመዱ ተበጠሰ።

አፄ ኢዮአስ በጌምድርን ከማርያም ባርያው ነጥቀው ለአጎታቸው ለብራሌ ሰጡ። ማርያም ባርያው እምቢ ብሎ ተዋጋ፤ ብራሌ ተገደለ። የሚያስታርቅም የሚያሸንፍም ሰው ሲጠፋ፣ በምፅዋ በኩል በሚገባ ጠመንጃ የታጠቀ ጦር ያላቸው ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ ተጠሩ። ሚካኤል የአልጣሽ አማች ናቸውና ለእቴጌይቱም ባዕድ አልነበሩም። መጡ፤ ነፋስ መውጫ ላይ ማርያም ባርያውን ድል ነሡ። ሸሽቶ የተያዘው የአስቴር ባል በብራሌ ወንድም በሉቦ እጅ ሞተ። አስቴር ባሏን ያጠፉትን የምትበቀልበትን ክንድ ፈልጋ በዕድሜ አያቷ ሊሆኑ የሚችሉትን ራስ ሚካኤልን አገባች።

ለማስታረቅ የተጠሩት ሰው ግን ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም። ኢዮአስ ሂዱልኝ ቢሏቸውም እምቢ አሉ። ንጉሡ ከዳሞቱ ፋሲል ጋር በምስጢር ሲላላኩ፣ ሚካኤል ፋሲልን አዘዞ ላይ ገጥመው አሸነፉ። በግንቦት 1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በሚካኤል ትዕዛዝ በሻሽ ታንቀው ተገደሉ። በአንድ ሹም ትዕዛዝ የተቀባ ንጉሥ ሲገደል ለሕዝቡ እጅግ አስደንጋጭ ነበር። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የዘመነ መሳፍንትን መጀመሪያ ከዚህች ቀን ይቆጥራሉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ድረስ፣ ለሰማንያ ስድስት ዓመት ያህል፣ የጎንደር ነገሥታት በየጊዜው በሚፈራረቁ መሳፍንት የሚሾሙና የሚሻሩ ሆኑ።

እቴጌ ምንትዋብ ይህን ሁሉ በሕይወት ቆይተው አዩት። የልጅ ልጃቸው ገዳይ የልጃቸው ባል ነው። ከከተማው ርቀው በቁስቋም ጸሎትን መረጡ፤ ለጥቂት ጊዜም ወደ ጎጃም ተሰደው ነበር። የዓባይን ምንጭ ሊያይ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያገኛቸው በዚህ የሐዘን ዘመናቸው ነው። ብሩስ በቁስቋም በፈንጣጣ የታመሙ የቤተሰቡን ልጆች አክሞ ወዳጅ ሆነ፤ ስለ እርሳቸው ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው እርሱ ጽፎ ካሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ነው። እቴጌይቱ በሰኔ 1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንዳንዶች ውድቀቱን ሁሉ በእርሳቸው ላይ ይጥላሉ፤ ለዘመድ አድልተዋል ይላሉ። ማድላታቸው እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ዘመድ ያልሾመ ገዥ ማን ነበር? ከቀደሙት ነገሥታት የሚለያቸው፣ ሌሎች በጦር የሚያገኙትን ታዛዥነት እርሳቸው ለአንድ ትውልድ ያህል በሠርግ ማግኘታቸው ነው። የሥርዓቱ ድክመትም እዚያው ላይ ነበር። በጋብቻ ወደ ቤት የገባ ሁሉ የቤቱን ድርሻ ይጠይቃል። ምንትዋብ የሴት ልጆቻቸውን ባሎች በሹመት አጥግበዋል። ለምራታቸው ግን እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ያገኙትን ቦታ ከለከሉ። ከስሕተታቸው ሁሉ ውድ ዋጋ ያስከፈላቸው ይህ ይመስላል።

የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ አጠፉት፤ የዛሬው ከዚያ በኋላ የታነፀ ነው። የፈረሰው ቤተ መንግሥት ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ምንትዋብ፣ ኢያሱና ኢዮአስ አንድ ላይ አርፈዋል። የኢያሱ ሚስት፣ የኢዮአስም እናት የሆነችው ውቢት ግን በዚያ የለችም።