ሰር ጆን ቻርንሊና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚበላበት ምክንያት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የጮቄን ተራራ ወደ ምዕራብ ትቶ ያልፋል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ገበሬ ጉልበቱን የሚፈትነው በእርሻ ብቻ አይደለም። ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሸክም ይሸከማል፤ በቤቱ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ በጾም ወራት ይሰግዳል። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ መቋሚያውን ተደግፎ ሌሊቱን ቆሞ ያነጋል። የእንዲህ ያለው ሰው ጉልበት በአርትራይተስ ተበልቶ በብረትና በፕላስቲክ ቢተካ፣ የተተካው መገጣጠሚያ የሚቆይበት ዘመን የሚወሰነው በዕቃው ጥራትና በሰውየው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ ዕቃውን ባስቀመጠበት ማዕዘንም ጭምር ነው። በእጅ ወፍጮ የምትፈጭ ሴት መጇን ወደ አንድ ወገን ብቻ እየተጫነች ብትሠራ ድንጋዩ በዚያው ወገን እንደሚጎደጉድ ታውቃለች። ይህንኑ ነገር በሰው አካል ውስጥ በልኬትና በቁጥር ለማስረዳት ከሁሉ ይበልጥ የደከሙት ግን እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ ናቸው። የተጠበቡበት መገጣጠሚያ ዳሌ ቢሆንም የጉልበቱ ሥራ የበቀለው በዚያው በእሳቸው ሆስፒታል ነው።

ቻርንሊ የተወለዱት በላንካሺር አውራጃ በቤሪ ከተማ በ1911 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አባታቸው መድኃኒት ቀማሚ፣ እናታቸው ነርስ ነበሩ። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ለመሆን በቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሐኪምነት ካይሮ በነበሩበት ወቅት ለተሰበሩ እጅና እግሮች ማሰሪያ የሚሆኑ መሣሪያዎችን በሥራ ቤት ውስጥ ያሠሩ ነበር። የእጅ ሥራ ፍቅራቸው ከዚያ በኋላ አልተለያቸውም። በጠባያቸው ቁጡና ትዕግሥት የጎደላቸው እንደ ነበሩ የሚያውቋቸው መስክረዋል፤ በምርምር ረገድ ግን ከሌላው ይልቅ በራሳቸው ላይ ይጨክኑ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በኦስዌስትሪ ሳሉ የአጥንት ንቅለ ተከላ እንዴት እንደሚድን ለማወቅ ሲሉ ከገዛ ቅልጥማቸው አጥንት እንዲወሰድ ባልደረባቸውን አስገድደው፣ ቁስሉ አመርቅዞ ብዙ አሠቃያቸው።

በመጀመሪያ ዝና ያተረፉት ስለ አጥንት ስብራት ሕክምና በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍና የታመመ ጉልበትን ገትሮ በማጣበቅ ቀዶ ሕክምና ነው። በዚያ ዘመን ለተበላሸ ጉልበት ከሚሰጡት መፍትሔዎች ዋናው ጉልበቱን እንዳይታጠፍ አድርጎ አንድ አጥንት ማድረግ ነበር። ሕመሙ ይጠፋል፤ ሰውየው ግን በርጩማ ላይ መቀመጥም ሆነ መስገድ አይችልም። ቻርንሊም ያጠኑት ሁለቱን አጥንቶች እርስ በርስ አጥብቆ ማስጫን መያያዛቸውን እንዴት እንደሚያፋጥን ነበር። ስለ ሸክምና ስለ ግፊት ማሰብ የጀመሩት እንግዲህ ከጉልበት ነው።

ወደ ዳሌ የሳባቸው አንድ ድምፅ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በአክሪሊክ ፕላስቲክ የተተካለት አንድ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መገጣጠሚያው ሲጢጥ ይል ስለ ነበር ሚስቱ እስከ መሸሽ ደርሳ ነበር ይባላል። ሌላው ሐኪም ስቆ ሊያልፈው በሚችለው በዚህ ነገር ላይ ቻርንሊ ቆም ብለው አሰቡ። ድምፅ ካለ ሰበቃ አለ፤ ሰበቃ ካለ ደግሞ ዕቃውን ከአጥንቱ የሚያላቅቅ ኃይል አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛው ሰበቃው እጅግ አነስተኛ የሆነ ፕላስቲክ መፈለግ ነው። ሁለተኛው የብረቱን ኳስ ማሳነስ ነው፤ ኳሱ ባነሰ መጠን ሰበቃው ዋንጫውን ለማሽከርከር ያለው ጉልበት ይቀንሳልና። ውሎ አድሮ የጸናው የኳስ ልክ ከ22 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ኳሱን የተሸከመውን ብረትና ዋንጫውን ከአጥንት ጋር ለማያያዝም የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን አክሪሊክ ሲሚንቶ ወሰዱ።

የመጀመሪያው ፕላስቲክ ቴፍሎን ነበር። ከ1958 ጀምሮ ወደ 300 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተሠራበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የታየው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር፤ በክራንች የመጡት ያለ ምርኩዝ ሄዱ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላ ግን ዋንጫው በኳሱ ተቦርቡሮ፣ ከእርሱ የተፈቀፈቀው ብናኝ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ተጠራቅሞ አጥንቱን ያበላሽ ጀመር። ቻርንሊ እነዚያን ሰዎች ለሌላ እጅ አልተዉም፤ አንድ በአንድ እየጠሩ የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው አወጡ። ጥፋቱ የብናኙ መሆኑን ለማረጋገጥም የቴፍሎንና የሌላ ፕላስቲክ ቅንጣት በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስገብተው ወራት ጠበቁ። በቴፍሎኑ ዙሪያ ሥጋው ተቆጣ፤ ሁለተኛው፣ ማለትም ፖሊኢቲሊን፣ ምንም አላደረገም።

ይህ ሁለተኛው ዕቃ የተገኘበት መንገድ ለባለሙያ የሚያስተምረው አለ። በ1962 አንድ ነጋዴ በላንካሺር የሽመና መኪናዎች ውስጥ ለባለጥርስ መዘውር የሚያገለግል ጠንካራ ፖሊኢቲሊን ይዞ ሆስፒታሉ መጣ። ቻርንሊ በጥፍራቸው ጫን ብለው አይተው ናቁት። የሥራ ቤቱ ባለሙያ ሃሪ ክሬቨን ግን አለቃው ወደ ኮፐንሃገን በሄዱበት ጊዜ ዕቃውን ሰበቃ በሚመረምረው መኪና ላይ አስገባው። መኪናው ቀንና ሌሊት ሦስት ሳምንት ሠርቶ አዲሱ ፕላስቲክ የተበላው ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል እንኳ አልነበረም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ይኸው ዕቃ በሰው ዳሌ ውስጥ ገባ። ተከታትለው ሲለኩትም በዓመት የሚጠፋው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። ታላቁ ሊቅ ያልተቀበሉትን ነገር የእጅ ባለሙያው አዳነው ማለት ነው፤ ቻርንሊም ይህን ከመናገር አልተቆጠቡም።

ዕቃው ከተገኘ በኋላ አቀማመጡ ቀረ። ቻርንሊ ዳሌን እንደ ሚዛን ያዩት ነበር። የሰውነት ክብደት ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ ያርፋል፤ የዳሌው ጡንቻ ደግሞ በአጭሩ ክንድ ይጎትታል። ስለዚህ በአንድ እግር የቆመ ሰው ዳሌው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ዋንጫውን ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርገው በማስቀመጥ፣ ጡንቻው የሚይዝበትንም የአጥንት ጉብታ ወደ ውጭ በማራቅ የሁለቱን ክንድ ልዩነት አጠበቡ። በዚህ ዘዴ ፕላስቲኩን የሚበላው ጭነት ዕቃው ሳይለወጥ በአቀማመጥ ብቻ ይቀንሳል። ፕላስቲክ በራጅ ስለማይታይም በዋንጫው ላይ ቀጭን ሽቦ አስደረጉ፤ ከሽቦውና ከኳሱ ርቀት የተበላው ልክ በየዓመቱ ይነበብ ነበር።

በዊጋን ከተማ አጠገብ የሚገኘው የራይቲንግተን ሆስፒታል ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ማረፊያ ነበር። ቻርንሊ ከ1961 ጀምሮ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አደረጉት። አየሩ እየተጣራ የሚገባበት የቀዶ ሕክምና ክፍል አሠርተው፣ ቁስል የሚያመረቅዝባቸውን ሕሙማን ከመቶ ከ1 በታች አወረዱ። ለብዙ ዓመታትም ራይቲንግተን መጥቶ ያልሠለጠነ ሐኪም ዕቃውን እንዳይገዛ ከለከሉ። ይህ ክልከላ በዘመኑ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ የቴፍሎኑን ዘመን ላየ ሰው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሕሙማኑም ሲሞቱ መገጣጠሚያው ወጥቶ እንዲመረመር ፈቃድ ይጠይቁ ነበር፤ ብዙዎቹም በደስታ ፈቀዱ።

ፍራንክ ጋንስተን የተባለው ካናዳዊ ሐኪም፣ ቀድሞ መሐንዲስ የነበረ፣ በዚሁ ሆስፒታል ሳለ በ1968 የዳሌውን ሐሳብ ወደ ጉልበት አሻገረ። ግማሽ ክብ የሆኑ የብረት ቁራጮች በፖሊኢቲሊን ቦይ ላይ እንዲሽከረከሩ በሲሚንቶ አያያዛቸው። ነገር ግን በግራና በቀኝ የሚቀመጡት አራቱ ቁራጮች ለየብቻ ስለ ነበሩ እነርሱን ማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በ1974 በኒው ዮርክ ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጉልበት የጭኑን ክፍል አንድ ብረት፣ የቅልጥሙንም አንድ ፕላስቲክ አድርጎ ይህን ችግር አቃለለ።

ጉልበት ግን እንደ ዳሌ ኳስና ዋንጫ አይደለም፤ የተጠጋጋ ብረት ጠፍጣፋ በሚመስል ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚነካካውም ስፍራ ጠባብ ነው። ከዳሌው ኳስ መካከል እስከ ቁርጭምጭሚቱ መካከል የተሰመረ መስመር በጉልበቱ መካከል ካለፈ ጭነቱ ለሁለቱ ወገን ይከፋፈላል። የቅልጥሙ ክፍል ወደ ውስጥ ያዘነበለ እንደ ሆነ ውስጠኛው ወገን ብቻውን ይሸከማል፤ ፕላስቲኩም በዚያ ወገን ይሳሳል። ወደ ኋላ ከልክ በላይ ካዘነበለ የሚበላው የኋላው ጠርዝ ነው። የጭኑ ክፍል ወደ ውስጥ ከዞረ ደግሞ ሎሚው ወደ ውጭ እየተጎተተ ይፋተጋል። የሚወጣውን ብናኝ የሰውነት ሕዋሳት ለማጥፋት ሲታገሉ የሚጠፋው አጥንቱ ነው፤ መገጣጠሚያውም ይላላል። ከሜዮ ክሊኒክ በ2010 የወጣ ጥናት በ15 ዓመት ክትትል ከመስመሩ በ3 ዲግሪ ወሰን ውስጥ የተቀመጡት ጉልበቶች ከወሰኑ ውጭ ከቀሩት የተሻለ ዕድሜ እንዳላሳዩ ገልጿል። ይህ 3 ዲግሪ የተባለው ቁጥር የማይነካ አጥር አለመሆኑን ያሳያል እንጂ ለግዴለሽነት ፈቃድ አይሰጥም፤ ጥናቱ የተሠራው ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ ነውና።

ጉልበት በጥልቀት ሲታጠፍ ብረቱ ወደ ፕላስቲኩ የኋላ ጠርዝ ይንከባለላል። ለመስገድና ለመንበርከክ የለመደ የቢቸና ወይም የሞጣ ሰው በወንበር ተቀማጭ ለሆነ ሕመምተኛ የማይታሰበውን ጠርዝ በየቀኑ ይጫነዋል። የፕላስቲክ መበላት ደግሞ ለረጅም ጊዜ አያምም፤ ሕመም ሲጀምር አጥንቱ ቀድሞ ሄዷል። የቻርንሊ ሕሙማን በየዓመቱ ለራጅ ይመለሱ ነበር። ከሞጣ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን የዓባይን በረሃ መሻገር አለ፤ የእርሻ ወቅት አለ፤ ገንዘብም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው የሚመለሰው ሲብስበት ብቻ ነው። በብረቱና በቅልጥሙ ክፍል መካከል ያለው ክፍተት የፕላስቲኩን ውፍረት ስለሚያሳይ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቆሞ የተነሣው ራጅ በሕመምተኛው እጅ ካለ፣ ከዓመታት በኋላ በደብረ ማርቆስ ቆሞ ከሚነሣው ጋር ጎን ለጎን ሊታይ ይችላል።

ቻርንሊ በ1974 የላስከር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1975 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ፤ በ1977 የሰር ማዕረግ ተሰጣቸው። የሥራ ዘመናቸውን ያጠቃለለው የዳሌ መጽሐፋቸው በ1979 ታተመ። በነሐሴ ወር 1982 በ70 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ከሕሙማናቸው ሞት በኋላ የተሰበሰቡት መገጣጠሚያዎች መበላታቸው ለሚለካ ምርመራ በራይቲንግተን ተቀምጠው ነበር።