የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ታሪክ፤ ፈውስን ከባሕር ማዶ ስለ መፈለግ

ወላጅ ልጁ ሲታመምበት አገር አይለይም። ያለውን ሸጦ፣ የማያውቀውን ሰው ደጅ ጠንቶ፣ ድንበር ተሻግሮ መድኃኒት ይፈልጋል። የከነዓናዊቷን ሴት ነገር ከወንጌል ሲነበብ ሁላችን ሰምተናል፤ ስለ ልጇ ብላ ከአገሯ ዳርቻ ወጥታ፣ ወገኖቿ ያልሆኑት ሰዎች ቢከለክሏትም ታግሣ፣ የልጇን ጤና ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የወላጅ ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። ዛሬም በደጀ ሰላማችን የሐኪም ወረቀት በእጁ ይዞ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጁን ወደ ውጭ አገር ወስዶ ለማሳከም የምእመናንን እርዳታ የሚለምን አባት ወይም እናት እናያለን። ሁላችንም እንደ አቅማችን እንሰጣለን፤ ከሰጠን በኋላ ግን በልባችን የሚቀር ጥያቄ አለ። ፈውስ እስከ መቼ በሰው አገር ይፈለጋል?

በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፋችን ውስጥ የነገሥታት ልጅ ታሪክ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ለመጻፍ የወደድሁት ስለዚህ ጥያቄ ነው። ሌላው ሰው የታመመውን ይዞ ወደ ፈውስ ሲሄድ፣ እኒህ ልዕልት ፈውስን ተምረው ወደ ታመመው ሊመለሱ ወደዱ። የሄዱበትም መንገድ፣ የደረሰባቸውም ነገር፣ ከሞታቸው በኋላ የተገኘውም ፍሬ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው፤ እርሳቸውም በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። እናታቸውም በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ከሴቶቹ ልጆች የመጨረሻዪቱ ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። ታላላቆቻቸው ልዕልት ሮማነ ወርቅ፣ ልዕልት ተናኘ ወርቅና ልዕልት ዘነበ ወርቅ ይባላሉ።

ሞት ወደዚያ ቤት መግባት የጀመረው አስቀድሞ ነው። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ገና በወጣትነታቸው ተድረው ወደ ትግራይ ከሄዱ በኋላ፣ ብዙ ሳይቆዩ በመቀሌ ዐረፉ። በአዲስ አበባ የነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ በስማቸው ተጠራ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበ ወርቅ ይባላል። እንግዲህ የልጅን ኀዘን በሕሙማን ቤት ማሰብ በዚያ ቤተ ሰብ ዘንድ ከልዕልት ፀሐይ በፊት የተጀመረ ነገር ነው።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በተነሣ ጊዜ ልዕልት ፀሐይ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እቴጌ መነን በበላይነት የሚጠብቁት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ልዕልቲቱ በመሪነት ገቡበት። የመኳንንት ሚስቶችና የአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያና ልብስ ያዘጋጁ ነበር። ጠላት የመርዝ ጢስ ማፍሰስ በጀመረ ጊዜም ከዚያ የሚከላከል መሸፈኛ ለመሥራት ደከሙ። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝኛ አሳምረው ይናገሩ ነበርና የአገራቸውን በደል ለውጭ ሰዎች በማስረዳትም አገለገሉ። ነገር ግን ቁስል ሲበዛ ጨርቅ ብቻ አይበቃም፤ የቁስለኛውን ሥቃይ የሚያስታግሥ ትምህርት ያለው እጅ ይፈለጋል። ያ እጅ በአገራችን ጥቂት ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር በጅቡቲ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ስደተኛ የሆነች የንጉሥ ልጅ ሐዘኗን ይዛ በቤት ብትቀመጥ የሚወቅሳት አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን በዚያው ዓመት ክረምት፣ ገና ከአገራቸው በወጡ በጥቂት ወር፣ በሎንዶን ከተማ በግሬት ኦርመንድ መንገድ ወዳለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ለትምህርት ገቡ። ይህ ሐኪም ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1852 የተመሠረተ፣ የሕፃናትን ሕመም ብቻ ለማከም የቆመ ስመ ጥሩ ቤት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ልብ አድርግ። በዚያ ዘመን በአገራችን ሕመምተኛን ማስታመም የእናትና የእኅት ሥራ ነበር እንጂ በትምህርት ቤት የሚማሩት ሙያ ተብሎ አይቆጠርም ነበር። ይልቁንም በቤተ መንግሥት ላደገች ልጅ፣ የማታውቀውን የድኻ ልጅ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ሌሊት ተቀምጦ ትኩሳቱን መጠበቅ የሚታሰብ አልነበረም። ከአገሯ የተሰደደች የንጉሥ ልጅ የሰው አገር ሕፃናትን አስታመመች። ይህንም ሦስት ዓመት ሙሉ ታግሠው ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም. ክረምት ትምህርታቸውን ጨርሰው የሕፃናት አስታማሚነት ማዕርግ ተቀበሉ። ወዲያውም አዋቂዎችን የማስታመም ትምህርት ለመጨመር፣ ጋይስ ወደሚባለው ወደ ሌላው የሎንዶን ሐኪም ቤት ገቡ። የዓለም ጦርነት ተነሥቶ የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዪቱን በቦምብ ሲደበድቡ፣ ልዕልት ፀሐይ በአስታማሚነት ሥራቸው ላይ ነበሩ። በአገራቸው ያዩትን ቁስል በሰው አገርም አዩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ምን እንደሚደረግለት የተማሩ ነበሩ።

በዚያው ዘመን ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ሮማነ ወርቅ በኢጣልያ አገር ነበሩ። ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከተገደሉ በኋላ፣ እርሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። በግዞት ሳሉ በጽኑ ታመሙ፤ በ1933 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በቱሪኖ ከተማ በሐኪም ቤት ዐረፉ፤ በዚያውም በባዕድ አፈር ተቀበሩ። አባታቸው በእንግሊዝ አገር በስደት ስለ ነበሩ ሊደርሱላቸው አልቻሉም። አንዲቱ ልጅ በሎንዶን የሰው ልጅ ስታስታምም፣ ሌላዪቱ በቱሪኖ አስታማሚ ወገን ሳይኖራት አለፈች። ሐኪምና መድኃኒት ባለበት አገር መሞት፣ ዘመድ በሌለበት ከሆነ፣ እንዴት ያለ ብቸኝነት እንደ ሆነ ልጁን ወደ ሩቅ አገር ልኮ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተመለሱትም ለማረፍ አልነበረም፤ በደሴ ሐኪም ቤት ሕሙማንን ሲያገለግሉ ቆዩ። አሳባቸው የተማሩትን ለአገራቸው ልጆች ማስተማርና የሕፃናትንና የእናቶችን ሞት መቀነስ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ሰሞን በደስታው ወራት፣ ልጅ አቢይ አበበን አገቡ። እርሳቸውም የወለጋ ገዥ ነበሩና ልዕልቲቱ ከባላቸው ጋር ወደ ነቀምቴ ወረዱ።

ከሠርጉ በኋላ አራት ወር እንኳ አልሞላም። በክረምቱ ልብ፣ ልዕልት ፀሐይ ፀንሰው ሳሉ በፅንሱ ምክንያት ሕመም አገኛቸው፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። ወራቱ የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ሕዝበ ክርስቲያን ሕፃናቱን ሳይቀር አስከትሎ በሱባኤ ላይ ሳለ፣ የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል አምስት ቀን ሲቀረው መርዶው ተሰማ። ፀሐይ በቀትር ገባች። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ተቀበረ።

የእናትና የአባት ኀዘን እንዴት እንደ ነበረ መጻፍ አያሻም፤ ልጁን የቀበረ ያውቀዋል፤ ያልቀበረ ቢነገረውም አይገባውም። ነገር ግን በዚህ ሞት ውስጥ ከኀዘን የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። የሰውን ልጅ ለማዳን ባሕር የተሻገረች፣ የተማረችውን ይዛ የተመለሰች ልጅ ራሷ በታመመች ጊዜ፣ ትምህርቷ ብቻዋን ሊያድናት አልቻለም። አንድ ሰው ዐዋቂ ቢሆን ብቻውን አገርን አይፈውስም፤ ራሱንም አይፈውስም። ሐኪም ቤት ያስፈልጋል፤ ብዙ አስታማሚ፣ ብዙ አዋላጅ ያስፈልጋል። ንጉሥም ቢሆን ድኻም ቢሆን፣ አገሩ ያላበጀችውን በመከራ ሰዓት አያገኘውም።

ይህን የተረዱ ሰዎች ኀዘኑን ወደ ሥራ መለሱት። በእንግሊዝ አገር የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከባልንጀሮቻቸው ጋር ለልዕልቲቱ መታሰቢያ ሐኪም ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብዙ ዓመት ደከሙ። ሕንፃውም በአዲስ አበባ ተሠርቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐኪም ቤት ተብሎ ተከፈተ፤ ከእርሱም ጋር የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ቆመ። ልዕልቲቱ ሎንዶን ድረስ ሄደው የተማሩትን፣ የኢትዮጵያ ልጆች በአዲስ አበባ ይማሩት ጀመር።

ፍሬው በዚህ አላበቃም። በ1951 ዓ.ም. የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ሁለት ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የሚባሉ፣ ከአውስትራልያ ወደዚሁ ሐኪም ቤት መጡ። የመጡት ለሦስት ዓመት ውል ነበር። በዚያም ምጥ ለብዙ ቀን ጠንቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ሰውነታቸው ተጎድቶ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸውን ሴቶች አገኙ። ዛሬ ፌስቱላ የምንለው ሕመም ነው። እነዚያ ሴቶች ከባላቸውና ከጎረቤታቸው ተለይተው በስውር የሚኖሩ ነበሩ። ሐኪሞቹ ይህን ጉዳት በቀዶ ሕክምና መጠገን ያዙ፤ የሚመጡት ሴቶችም በበዙ ጊዜ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ባልየው በ1993፣ ሚስትየዋም በ2020 ዐረፉ፤ ለሦስት ዓመት የመጡት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸውን ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ይህን ሙያ ሊማሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ሆኑ። በፅንስ ምክንያት የሞተች አንዲት ሴት ስም የተጻፈበት ቤት፣ በወሊድ ለተጎዱ ለብዙ ሺሕ ሴቶች መዳን መነሻ ሆነ። ከ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ቤቱ የጦር ኃይሎች ሐኪም ቤት ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ ሥራው ግን አልቆመም።

በመጨረሻ ስለ አንድ ወንድማቸው ጥቂት ልጨምር። በ1965 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በድንገት ታመሙ፤ ግማሽ አካላቸው ደነዘዘ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ለሕክምናም ወደ አውሮፓ ተወሰዱ። ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ለሽማግሌው አባታቸው ግን ልጅ ነበሩ። በውጭ አገር ሕይወታቸው ተረፈ፤ ነገር ግን ሳይመለሱ መንግሥቱ ተለወጠ፤ አባትና ልጅም ዳግመኛ ሳይተያዩ ቀሩ። ወደ አገራቸው የገባው በ1989 ዓ.ም. አስከሬናቸው ነው። ከአንድ አባት ልጆች አንዲቱ በግዞት ታማ በባዕድ ሐኪም ቤት ሞተች፤ አንዱ ለመዳን ሄዶ ቀረ፤ አንዲቱ ማዳንን ተምራ ተመለሰች። ከሦስቱ ለሌላው የሚተርፍ ቤት የተወችው የተመለሰችው ናት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልጁ የታመመበትን ወላጅ ወደ ሰው አገር አትሂድ የሚለው ሰው ልብ የለውም። መሄድ ይገባዋል፤ እኛም ልንረዳው ይገባናል። ግን ለአንድ ልጅ መንገድ የምናዋጣውን ያህል፣ ሐኪምና አስታማሚ ለመሆን ለሚማሩት ለድኻ ልጆቻችን ብናዋጣ፣ በቅርባችን ላለውም የሕክምና ቤት የጎደለውን ብናሟላ፣ የነገው ወላጅ ባሕር ከመሻገር ይድናል። ደብራችን ዓመታቱን ቆጥሮ በሚያመሰግንበት በዚህ በዓል፣ ለሚመጡት ዓመታት ልንሳለው ከሚገባን ስእለት አንዱ ይህ ይሁን።

እግዚአብሔር የልዕልት ፀሐይን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ በሩቅ አገር ሐኪም ቤት የተኙትን ልጆቻችንን በጤና ይመልስልን። አሜን።