ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁና የጦርነቱ ዘመን

እኔ ጥቂት ክፍል ብቻ የተማርሁ ጡረተኛ ጸሐፊ ስሆን ስለ ትልቅ ደራሲ ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ያስደፈረችኝ ጎረቤታችን ማንኩሳ ነች። አገር ሁሉ ስሟን ያወቀው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አይደለም እንዴ?

ክቡርነታቸው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ቅኔ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን በጎጃም ገዥ በልዑል ራስ እምሩ ሥር ወደ ሽሬ ዘመቱ። የጎጃም ጦር ያን ሁሉ አገር በእግሩ ነው ያቋረጠው። ገና በመንገድ ሳለ ከመኳንንቱ አንዱ ተከታዮቹን ይዞ ከዳና ተመልሶ ደብረ ማርቆስን ወጋ። ስሙን አላነሣም፤ የዘር ነገር ነው። የቀረው ጦር ግን በታኅሣሥ ወር ሽሬ ውስጥ ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንክ ሳይቀር ድል አደረገ። ቀጥሎ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደበት። የከዳውም፣ በጋዙ የተቃጠለውም ያው የጎጃም ልጅ ነው እንግዲህ።

ሐዲስ ከራስ እምሩ ሳይለዩ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዘለቁ። በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ከተመለሱ በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ያን ያህል ዓመት በባዕድ እጅ የታሰረ ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. ትልቁን ልብወለዱን ሲያወጣ ጣሊያን የለበትም! የጻፉት ስለ እኛው ነው፤ ስለ ባላባቱ፣ ስለ ካህኑ፣ ስለ ገበሬው። ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢተኛ ናቸው፤ አበጀ በለውና ገበሬዎቹ ሲማርኳቸው ግን እኔ አዘንሁላቸው። ሰውን ጨርሶ ክፉ አድርገው አልሣሉትም። ይህን ዓይን የሰጣቸው ያ ዘመቻ ይመስለኛል። ስለ ጦርነቱና ስለ እስሩ «ትዝታ»ን ያሳተሙት ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1985 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ሳይቀር የእገሌ አባት ባንዳ ነበር እየተባለ ይንሾካሾካል። አንድ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ይህንኑ ሲሉ ሰምቼ፣ አባቴ አርበኛ ስለ ነበረ ኮራ ብዬ ሣቅሁ። የሚታማው ሰው ልጅ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ኖሯል። ቀና ብሎ አየኝ። «ትዝታ»ን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሰው ዛሬም የዕድራችን አባል ነው፤ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅሁትም።