አያቱ ያኮረፉበት ልጅ

ሲልቪያ ፓንክረስት ሲባል እኔ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ ታጋይዋ ሳይሆኑ እናትየዋ ናቸው። በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሳያገቡ፣ በ45 ዓመታቸው ሪቻርድን ወለዱ። የገዛ እናታቸው ኤመሊን በዚህ ተቆጡ፤ በዓመቱም ሳይታረቁ ሞቱ። ሲልቪያ ግን ልጃቸውን አልደበቁም። ጣሊያን ስትወረን ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ሲጀምሩ ሪቻርድ የ8 ዓመት ልጅ ነበር።

በ1956 እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ሪቻርድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሆነ፤ በዓመቱም ሪታን አገባ። እናት ይህን ሁሉ ለማየት በቁ። በ1960 አርፈው ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።

በ1963 ልጃቸው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። ያ የተኮረፈበት ሕፃን የእኛን ታሪክ ጻፈልን። እኔን የሚቆጨኝ፣ አያትየው ይህን አለማየታቸው ነው።